የግራዝማች ታፈረ የክረምት ቤት

ጌጡ መሬቱ ላይ የተከፈተውን ስንጥቅ ሲሻገር ወደ ታች አላየም። አርብ ገበያ ከተማ ያሳደሩት ዘመዶቹ ስፋቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው ብለውት ነበር፤ እሱ ሲደርስ ግን ተንደርድረው ካልዘለሉት በቀር የሚሻገሩት አልነበረም። ማዶ ሲያርፍ ከእግሩ ሥር ያለው ሣር እንደ ራሰ ፍራሽ ዝቅ አለ። በእጁም በእግሩም እየዳኸ ከጠርዙ ራቀ። ያየው ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

ነሐሴ ነው። ዝናቡ ለጊዜው አባርቷል፤ ከላይ ያለውን ገደል ጉም ውጦታል፤ ከታች ቀጭን ውሃ የሚባለው ወንዝ ይጮሃል። በሁለቱ መካከል፣ ተዳፋቱ ላይ፣ የግራዝማች ታፈረ ባለ ደርብ ግንብ ቤት እንደ ወትሮው ቆሟል። ከሩቅ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም። ቀረብ ሲሉ ግን ከመሠረቱ እስከ ደርቡ መስኮት ድረስ እጅ የሚያስገባ መሰንጠቅ ይታያል። ኖራው እየተፈረፈረ ግድግዳው ሥር እንደ ዱቄት ተነስንሷል። የግቢው ምንጭ አተላ መስሏል።

ጌጡ ንፋስ መውጫ የታሪክ መምህር ነው። ግራዝማች ታፈረ የአያቱ አያት ናቸው። ከክፉ ቀን በኋላ፣ አገሩ ሰው ርቆት ዱር ሲወርሰው፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የትናየትን በበቅሎ አስቀምጠው ከእስቴ ተሻግረው የመጡት፣ ደኑን መንጥረው እዚህ የሰፈሩት አቅኚ አባት እሳቸው ናቸው። በጋይንትም በስማዳም የተበተነው ዘራቸው ርስት ሲካፈል ወደ እሳቸው ሲቆጥር ኖሮ፣ ርስት ከቀረም በኋላ መቁጠሩን አልተወም። ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶች “የግራዝማች ታፈረ ልጆች” የሚል የቴሌግራም ቡድን ከፍተዋል። ታሪኩን እንዲጽፍ፣ ቤቶቹን ፎቶ እንዲያነሣ፣ ቤቱ በቅርስነት እንዲመዘገብ ከቢሮ ቢሮ እንዲሮጥ ጌጡን የመረጡት እነሱ ናቸው። መሬቱ መሰንጠቁ የተሰማ ዕለት በቡድኑ ከተጻፈው አብዛኛው ስለ በሩ ነበር። ግራዝማች ከአንድ የጽድ ግንድ አስጠርበው ያቆሙት የደጁ በር ነው። በሩን ነቅለህ አውጣልን፣ በጭነት መኪና እናስመጣዋለን አሉት። ስለ አክስቱ የጠየቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እሱ የመጣው ግን ለበሩ አልነበረም። የአባቱ ታላቅ እህት እትዬ ማንአለሽ በጎረቤታቸው በጥላዬ ስልክ ደውለው፣ “ድረስልኝ” ብለው ብቻ ዘግተውበት ነው።

የደጁ በር ክፈፉ ስለ ጠመመ ከግማሽ በላይ አልከፈት ብሎ ተቀርቅሯል። ጌጡ በጎኑ ተጣብቆ ገባ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ልክ የታረሰ ማሳ ላይ የቆሙ ይመስል አዲስ አፈር ይሸታል። እትዬ ማንአለሽ መደቡ ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው፣ እግራቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው። የሞቱ መስሎት ጎንበስ ብሎ ትንፋሻቸውን አዳመጠ።

“አልሞትሁም፤ ተቀመጥ” አሉት ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ግንባራቸውን ዳሰሰ፤ ትኩሳት የለም። የሚያምዎት ነገር አለ ወይ ቢላቸው የለም አሉት። ሰሞኑን ግን ከውሃ በቀር የቀመሱት አልነበረም። ጌጡ ተነሡና ወደ ድፍን እንውረድ እያለ ይለምናቸው ጀመር። ድፍን ከተዳፋቱ ግርጌ፣ ከወንዙ ዳር ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ቤቱን ለቆ እዚያ በተተከሉት ድንኳኖች ገብቷል። በዚህ ወገን ሌላ ለጥ ያለ ቦታ የለም፤ ውሃውም ቅርብ ነው። እትዬ ማንአለሽ ብቻ ወደ ድፍን አልወርድም ብለው ቀርተዋል። ከቤታቸው መለየት ከብዷቸው ነው ብሎ ያልለመናቸው፣ ያልተቆጣቸውም ሰው የለም። ጌጡም የመሰለው እንደዚያው ነበር።

ክንዳቸውን ይዞ ሊያነሣቸው ሲል ከደርቡ አንድ ነገር ጧ አለ። ጥይት ይመስላል። በእነዚህ ዓመታት ጋይንት ውስጥ የጥይት ድምፅ የማያውቅ ሰው የለምና ጌጡ ሳያስበው መደቡ ሥር ተደፋ። ጧ ያለው ደርቡን የተሸከመው ምሰሶ ነበር። ከላይ አፈር ፀጉሩ ላይ ዘነበ። ቀና ሲል የአክስቱ ከንፈር ይንቀጠቀጣል። እሳቸውም እንደሚፈሩ የገባው ያን ጊዜ ነው።

“የምነግርህ አለኝ” አሉት። “ግን ከሞት አልጋ ላይ ካልሆነ አይነገርም። ለዚህ ነው የተኛሁት።”

ቀስ እያሉ አስረዱት። ነገሩ ስለ ድፍን ነው። የግራዝማች ነፍስ አባት የገዘቱት ግዝት አለበት። ያን ነገር አንድ አባት ሊሞት ሲል ለአንድ ልጁ ብቻ ይነግራል፤ የሰማውም የራሱ ቀን እስኪደርስ አፉን አይከፍትም። እትዬ ማንአለሽ ከአባታቸው ሰምተዋል። የሚነግሩት ልጅ ግን አልወለዱም፤ ስለዚህ የወንድማቸውን ልጅ መረጡ። መሬቱ የተሰነጠቀ ዕለት፣ በዚህ ቤት ውስጥ ከተኛሁ መሞቴ አይቀርም፣ የሞት አልጋ ማለት ይኸው ነው ብለው ተኙ። ተኝተው ሲያስቡት ግን ሁለት ነገር እንቅልፍ ነሣቸው። አንደኛው አለመታመማቸው ነው፤ እግዚአብሔር አይታለልም። ሁለተኛው ይብሳል።

“እንዲህ ብነግርህ አንተም ትታሰራለህ። ለሌላ ሰው መናገር አትችልም። ድፍን ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ ያንተን ቀን የሚጠብቁበት ዕድሜ የላቸውም።”

“ድፍን ምን ሆነ፣ እትዬ?”

መሪጌታን አምጣልኝ፣ ይፍቱኝ አሉት።

ጌጡ የተማረ ሰው ነውና ግዝቱን ተዉትና ዝም ብለው ይንገሩኝ ሊላቸው ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ፊታቸውን አየና ተወው። በሚፈርስ ቤት ውስጥ ለመተኛት የደፈሩት ሴት ያችን አንዲት ቃል ለመተንፈስ አልደፈሩም።

ወደ ስንጥቁ ሲመለስ የቅድሙ ጠርዝ የለም። የዘለለበት ሣር ራሱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ስፋቱም አሁን የሚዘለል አይደለም። ማዶ ጥላዬ ቆሟል። ጥላዬ ሲሮጥ እንጂ ሲራመድ የማይታይ ቀጭን ገበሬ ነው፤ ሰሞኑን እትዬ ማንአለሽን እየተመላለሰ የሚጠይቃቸው እሱ ነበር። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተሸክሞ መጥቶ አጋድሞ በድንጋይ አስደገፋቸው። ጌጡ በሆዱ ተጣብቆ ተሻገረ። መሐል ላይ ከሥሩ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማ፤ ታች ደርሶ ሲያርፍ ግን አልሰማም።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን ያገኛቸው ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ነው። የዜማ መምህር፣ ክህነትም ያላቸው፣ ሰውነታቸው የከበደ ሽማግሌ ናቸው። ጌጡ እያለከለከ የነገራቸውን ሰምተው ምንም ሳይጠይቁ መስቀላቸውን ያዙና ተከተሉት። ግንዱ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለዩ መስሎት ጌጡ ጠበቃቸው።

“ከፍታ እፈራለሁ” አሉ መሪጌታ ዝግ ባለ ድምፅ። “እኔ የቆምሁት ቅኔ ማኅሌት ነው እንጂ መሰላል ላይ ወጥቼ አላውቅም።”

ጥላዬ አልሳቀም። ሁለት እጃቸውን ያዘና እኔን እኔን ይዩ እያለ፣ ራሱ የኋሊት እየሄደ አሻገራቸው።

እትዬ ማንአለሽ ካህኑን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ። መሪጌታ በእጃቸው ከለከሏቸውና ግዝቱ በምን የታሰረ እንደሆነ ጠየቁ። ያንን መናገር ራሱ ግዝት ነው አሉ። በስተጀርባቸው ግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር ጠጠር እንደሚያፈስ ይንሿሿል።

“እንግዲያስ ሳልሰማ እፈታለሁ” አሉ። “ሸክሙ የእኔ ይሁን።” መስቀሉን በእትዬ ማንአለሽ ግንባር ላይ አደረጉና፣ “እግዚአብሔር ይፍታሽ” አሏቸው።

እትዬ ማንአለሽ ተነሥተው ተቀመጡ። የተናገሩት ቶሎ ቶሎ ነው፤ ቆም ካሉ የሚመለስባቸው ይመስል።

የግራዝማች የመጀመሪያው ቤት ይኼ ግንብ አልነበረም። ከእስቴ እንደ መጡ ያን ሜዳ አይተው ወደዱት፤ ሣሩ ረጅም፣ ውሃው ቅርብ፣ አፈሩ ጥቁር ነው። ከክፉ ቀን የተረፉ ጥቂት ሰዎች ከወንዙ ማዶ ነበሩ። በክረምት እዚያ አይከረምም ብለው መከሯቸው። ግራዝማች ያን ጊዜ ጎልማሳ ናቸው፤ ሰው ቦታውን እንዳይዝባቸው የፈለጉ መሰላቸውና ሠሩ። አንድ ነሐሴ፣ በፍልሰታ፣ ባልና ሚስት ለቅዳሴ ወጥተው ሳለ ተዳፋቱ ወረደ። ከሜዳው በላይ ወንዙን ደፈነው። ወንዙ ተጠራቅሞ ሲጥሰው ውሃውና ጭቃው አንድ ላይ በሜዳው ላይ መጣ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ከቤታቸው የሚታየው ጉልላቱ ብቻ ነበር። ውስጡ ከሞግዚቱ ጋር የበኩር ልጃቸው ነበረ።

“ባዩ” አሉ እትዬ ማንአለሽ። ስሙን ከተናገሩ በኋላ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው አንድ ነገር እስኪመጣ ጠበቁ። ምንም አልመጣም። “ስሙ ባዩ ነው” ብለው ደገሙት።

ወይዘሮ የትናየት መሬቱን በጥፍራቸው ቆፈሩ። ከዚያ በኋላም የልጁ ስም በተጠራ ቁጥር ጨርቃቸውን ጥለው እየሮጡ ወርደው ይቆፍሩ ነበር። ግራዝማች የነፍስ አባታቸውን ለመኑና በዚያ ቤት ውስጥ ስሙ እንዳይነሣ፣ መሬቱም እንዴት እንደተደፈነ እንዳይወራ አስገዘቱ። ግንቡን ተዳፋቱ ላይ ሠሩ። ከእሱም በላይ፣ ቋጥኙ ላይ፣ ሌላ ቤት ሠሩ። ሐምሌ ሲብት ቤተሰቡ እዚያ ይወጣል፤ መስቀልን ሳያልፍ አይወርድም። ወይዘሮ የትናየት ሲያርፉ ልጆቹ መውጣቱን ተዉት። ግዝቱን የሚፈታ ግን አልተገኘም።

ጌጡ የጻፈው ትዝ አለው። የግራዝማች በኩር ልጅ ገብሬ ይባላሉ ብሎ ነበር የጀመረው። ቋጥኙ ላይ ያለውን ፍራሽም ፎቶ አንሥቶ ከሥሩ የከብት በረት ብሎ ጽፏል። ሁሉም እንዲያ ነበር የሚለው።

ያን ጊዜ ቤቱ ተንቀሳቀሰ። አልተንቀጠቀጠም፤ አንድ ሰው በእርጋታ የገፋው ይመስል ተንሸራተተ። ጥላዬ ከውጭ ውጡ ብሎ ተጣራ። ጌጡ አክስቱን አቅፎ፣ መሪጌታ እየተከተሏቸው፣ በተቀረቀረው በር በጎን በጎን ወጡ። ዘመዶቹ ሁሉ የጓጉለትን በር ማንም አላየውም።

በግንዱ ተሻግረው ድፍን ሲደርሱ ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። የቀበሌውን ሊቀ መንበር ቻላቸውን በድንኳኖቹ መሐል ሰው ሲያደላድል አገኙት። መሪጌታ ሰውን ሰብስበው የሆነውን ነገሩት፤ እትዬ ማንአለሽም አጠገባቸው ቆመው ስሙንም ቦታውንም ተናገሩ። ሰዉ ተላቀሰ፣ ተጉረመረመ። ሕፃናት ይዘን በዝናብ ወደ ቋጥኝ እንዴት እንወጣለን የሚሉ አሉ። ቻላቸው በአክብሮት ሰማ። ነገ የመሬት ባለሙያዎች ይመጣሉ፣ ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ተዳፋቱ ቢወርድ እንኳ እዚህ አይደርስም፣ በመቶ ዓመት ወሬ ሰው ላፈናቅል አልችልም አለ። ክፋት አልነበረውም። ሰሞኑን ያልተኛ ሰው ነው።

ከዚያ እትዬ ማንአለሽን፣ የመጣው ከተዳፋቱ ነው ወይስ ከወንዙ ብሎ ጠየቃቸው።

“ከወንዙ። መጀመሪያ ወንዙ ጎድሎ ነበር ይባላል።”

ቻላቸው ፊቱን አዞረና ወደ ቀጭን ውሃ ተመለከተ፤ ጌጡም ተከትሎ አየ። ዝናቡ እየወረደ ነው፤ ጠዋት ሲጮህ የነበረው ወንዝ ግን ድምፁ ጠፍቷል። ቅድም የተሸፈኑት ድንጋዮች ጥቁር ጀርባቸውን አውጥተዋል። አንዲት ሴት እንስራዋን ይዛ ከዳር ቆማ፣ ውሃው ወዴት ሄደ በሚል ዓይን ትመለከታለች። ከላይ አንድ ቦታ ወንዙ ተደፍኗል ማለት ነው።

ቻላቸው አልጮኸም። በየድንኳኑ እየገባ ልጅና ሽማግሌ ይቅደም፣ ዕቃ አትያዙ አለ። ድምፁ እየተቆራረጠ ስለነበር ከጩኸት ይልቅ እሱ አስፈራቸው፤ ሰዉ ተነሣ።

ወደ ቋጥኙ የሚያወጣው መንገድ ከተዳፋቱ በስተ ግራ ነው። ጌጡ አክስቱን አዝሏል። ጭቃው እግሩን ይይዘዋል፤ ከፊቱ ያለው ሰው ሲንሸራተት እሱም ይንሸራተታል። ሲወጣ ሁሉ ጆሮው ከኋላው ነበር። እትዬ ማንአለሽ ጀርባው ላይ ሆነው ከንፈራቸውን ሳያቆሙ ይጸልያሉ፤ ትንፋሻቸው አንገቱን ያሞቀዋል። ጥላዬ ከፊታቸው የሚስቱን የማስተዋልን ጓዝ ተሸክሞ ነበር። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ጓዙን አወረደ። በሬው ድንኳኑ ጀርባ እንደ ታሰረ ቀርቷል። ማስተዋል ተወው አለችው። አንዱን ባለፈው ክረምት ሸጠናል፣ ይኼ ከቀረ በምን አርሳለሁ አላትና ቁልቁል ሮጠ። ጌጡ ሊጠራው ፈልጎ ትንፋሽ አጣ።

የፊተኞቹ ቋጥኙን እንደ ረገጡ ተዳፋቱ ሄደ። መጀመሪያ ዛፎቹ እንደቆሙ ወደ ታች ሲራመዱ ታዩ። ግንቡም እንደቆመ አብሯቸው ጥቂት ተጓዘ፤ ከዚያ ደርቡ ወደ ፊት አጎነበሰና ጭቃው ዋጠው። ድምፁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከጆሮ ይልቅ በእግር የሚሰማ ድምፅ። ሰው ሁሉ መሬት ያዘ። ጌጡ ፊቱን ድንጋዩ ላይ ደፍቶ፣ ይኼም ይንቀሳቀስ ይሆን እያለ በመዳፉ ይዳስስ ነበር። ቋጥኙ አልተንቀሳቀሰም። ብዙም ሳይቆይ ወንዙ ከላይ የተጠራቀመውን ይዞ መጣ። ከድንኳኖቹ ነጩ ሸራ አንዴ ብቅ ብሎ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ድፍን ቡናማ ነበር።

ማስተዋል ጥላዬን ጠራችው። ደጋግማ ጠራችው።

የጥላዬ ሬሳ አልተገኘም። ሰዉ በዚያ ቋጥኝ ላይ ሸራ ወጥሮ ሰነበተ፤ ጠጠር በተንከባለለ ቁጥር ሁሉም ይነሣል፣ እናቶች ልጆቻቸውን በጨለማ ይቆጥራሉ። በሣልስቱ መሪጌታ ግራዝማች በሠሩት ፍራሽ ግድግዳ ውስጥ ቆመው ፍትሐት አደረሱ። የክርስትና ስሙን ጠየቁ። ማስተዋል ተክለ ሃይማኖት አለች። ከዚያ መሪጌታ ወደ እትዬ ማንአለሽ ዞሩና የዚያንም ልጅ አብረን እናስበው፣ ፍትሐት አልተደረገለትም ይሆናል አሉ፤ የክርስትና ስሙን ጠየቋቸው።

ጌጡ አክስቱን አየ። ብዙ አላሰቡም።

“ገብረ ሥላሴ” አሉ።

መሪጌታ ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ ጠሩ፤ ሰዉ አሜን አለ።

ከጸሎቱ በኋላ ጌጡ አጠገባቸው ተቀመጠ። ስልኩ በኪሱ ሲንጫጫ ቆይቷል፤ አልከፈተውም። ገብረ ሥላሴ የሚለውን አባታቸው ነግረዋቸው እንደሆነ ጠየቃቸው።

“አልነገሩኝም። እሳቸውም አያውቁትም ነበር።”

“ታዲያ ከየት አመጡት?”

“ካህኑ ስም ሲጠብቁ ባዶውን ልመልሰው?” አሉት። “ስትጽፈው ግን እንዳታሳስት። ክርስትና ያነሡት ያወጡለት ስም አይታወቅም በል። ገብረ ሥላሴ ያለችው ማንአለሽ ናት በል።”

እሺ አላቸው። ዝናቡ ሲጀምር ተነሥቶ የማስተዋልን ሸራ ጥግ ለመያዝ ሄደ።